«በሬሚዲያል ያለፈ ሒሳብ አይመኝ» ለሚለው ምክር ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ አንድ ጽሑፍ በወረቀት አሳትማ ይዛልኝ መጣች። ልጅቷ የአጋሮ ልጅ ናት። ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን፣ ፍሬሽማንን፣ ትጀምራለች። ምዝገባው እስኪደርስ እዚህ ጅማ፣ ቆጪ ሰፈር፣ አክስቷ ቤት ተቀምጣለች። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ሒሳብ እናጠናለን። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። «ቲቸር፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» አለችኝ። መስመሩ እንዲህ ይላል፦ «በሬሚዲያል ያለፈ ተማሪ ሒሳብ የሚበዛበትን ዲፓርትመንት ባይመኝ ይሻለዋል።»

እሷ በሬሚዲያል ነው ያለፈችው፤ ማለትም የማትሪክ ማለፊያውን ሳታገኝ ቀርታ፣ የሃይስኩሉን ትምህርት እንደገና ተምራና ተፈትና። ምኞቷ ደግሞ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው።

ጽሑፉን ሁለቴ አነበብኩት። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የተጻፈ ምክር ነው። ጸሐፊው ዩኒቨርሲቲ ተምረው የወጡ፣ ለታናናሾቻቸው የሚያስቡ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። ሒሳብ የሚከብደው ሶሻል ይግባ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ድግግሞሽ ስለሆነ ጊዜ አይጥፋበት። የማትሪክ ውጤት የተማሪውን ደረጃ በደንብ ይናገራል። ካልኩለስ የጎበዝ፣ ስታትስቲክስ የሰነፍ ነው። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ሲኒየር ይጠየቅ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያቺ የሬሚዲያል መስመር አለች።

እኔ ጅማ ውስጥ ለዓመታት ሒሳብ ሳስጠና ቆይቻለሁ። በየዓመቱ መናኸሪያ ላይ ሻንጣ እየጎተቱ የሚወርዱትን ልጆች አያለሁ። ትንሽ ቆይቶ ከእነሱ መካከል የሚድ ፈተና ወረቀታቸውን አጣጥፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡትን አያለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ሒሳብ የሚከብደው ሶሻል ይግባ፤ እዚያ ሒሳብ የለም»

ይህ ምክር ብዙ ልጅ አሳስቷል። የናቹራልና የሶሻል ምርጫ የሚደረገው 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ያኔ ልጁ ገና አፍላ ነው። ከሒሳብ ለማምለጥ ብሎ ሶሻል ይገባል። ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ግን ሒሳብ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ የሶሻል ተማሪም ሒሳብ ይወስዳል። ሞጁሉን ገልጦ ማየት ይቻላል። ሎጂክና ሴት (ስብስብ) አለ። ፈንክሽን አለ። ማትሪክስና ዲተርሚናንት አለ። መጨረሻው ላይ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል አለ። ይህ እኮ ካልኩለስ ነው! የናቹራሉ ሞጁል ደግሞ ሎጂክና ሴት፣ ሪልና ኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽንና አናሊቲክ ጂኦሜትሪ ይዟል። ካልኩለስ ውስጡ የለም፤ ኢንጂነሪንግ ለሚያስቡት አፕላይድ ዋን በሚባለው የሒሳብ ኮርስ ይመጣል። ስለዚህ ሸሽቶ ሶሻል የገባው ልጅ ከናቹራሉ ጓደኛው ቀድሞ ዴሪቬቲቭ ላይ ሊደርስ ይችላል። ይህን ማንም ስላልነገረው ሲደርስበት ይደነግጣል።

ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚክስ ከመረጠ ነገሩ ይብሳል። የአንድ ዕቃ ተጨማሪ ወጪ ስንት ነው፣ ትርፍ ከፍተኛ የሚሆነው የት ላይ ነው የሚለው ጥያቄ በዴሪቬቲቭ ነው የሚመለሰው። ኢኮኖሜትሪክስ ማትሪክስና ስታትስቲክስ ሳይዙ አይገባም። ሳይኮሎጂም ሶሲዮሎጂም ቢሆን መጠይቅ ሰብስቦ መተንተን አለበት።

አካውንቲንግና ማኔጅመንት የሚያስቡ ልጆች «እኛ የምንፈልገው መደመርና መቀነስ ነው» ይሉኛል። እኔም ከከተማችን ንግድ አንድ ጥያቄ እሰጣቸዋለሁ። አንድ ነጋዴ 100 ኪሎ ቡና ገዛ። ቡናው 20 በመቶ እርጥበት አለው። አስጥቶ ወደ 12 በመቶ አወረደው። ስንት ኪሎ ይቀረዋል? ሁሉም ማለት ይቻላል «92» ይላል። 20 ሲቀነስ 12፣ 8 ኪሎ ጠፋ ብሎ ነው። መልሱ ግን 91 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ውሃው 20 ኪሎ ነበር፣ ደረቁ 80 ኪሎ ነው። ደረቁ አይቀንስም። ከደረቀ በኋላ ያ 80 ኪሎ ከጠቅላላው 88 በመቶ ይሆናል። 80ን ለ0.88 ስናካፍል 90.9 ኪሎ ይመጣል። አንድ ኪሎ ከምናምን ልዩነት በመቶ ኪሎ ላይ ነው። በአንድ መኪና ጭነት ላይ አስቡት። ይህን የሚሳሳት ልጅ ያጣው ቀመር አይደለም። «መቶኛው የምን መቶኛ ነው?» ብሎ መጠየቅ አልለመደም። ሶሻል መግባት ይህን አያድንም።

«የመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ድግግሞሽ ነው፤ ጊዜ አታጥፉበት»

ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዘዋል። አዎ፣ አብዛኛው ይደጋገማል። ሎጂኩም፣ ኮምፕሌክስ ቁጥሩም፣ ፈንክሽኑም ሃይስኩል ላይ ተነክቷል። ከዚህ ተነስተው ግን «እሱን ትታችሁ ከአሁኑ አፕላይድ ዋን አጥኑ» ይላሉ። ከጽሑፉ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው።

ለምን እንደሆነ በአንድ ጥያቄ ላሳይ። ይህ ጥያቄ የሊሚት ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ይመጣል። ከላይ «የኤክስ ሲደመር 4 ስኩዌር ሩት፣ ሲቀነስ 2» አለ። ከታች ኤክስ አለ። ኤክስ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይህ ክፍልፋይ ወደ ስንት ይጠጋል? ዝም ብለን ዜሮ ብንተካ ከላይም ዜሮ ከታችም ዜሮ ይመጣል። ስለዚህ ላዩንም ታቹንም «ስኩዌር ሩቱ ሲደመር 2» በሚለው እናባዛለን። ከላይ ስኩዌር ሩቱ ይጠፋና «ኤክስ ሲደመር 4 ሲቀነስ 4» ይሆናል። ኤክስ ብቻ ቀረ ማለት ነው። ከታች ካለው ኤክስ ጋር ይጠፋፋል። የቀረው «1 ሲካፈል ለስኩዌር ሩቱ ሲደመር 2» ነው። አሁን ዜሮ እንተካለን። የ4 ስኩዌር ሩት 2፣ ሲደመር 2፣ 4። መልሱ አንድ አራተኛ።

እዚህ ውስጥ ካልኩለሱ የቱ ነው? የመጨረሻዋ እርምጃ ብቻ ናት። የቀረው በሙሉ የታች ክፍል አልጀብራ ነው። ካልኩለስ ወደቅኩ ብለው የሚመጡ ልጆችን ወረቀት ሳይ ሁልጊዜ የማገኘው ይህንኑ ነው። ሊሚት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የሚጠፉት መንገድ ላይ ነው።

ስህተቶቹም ሁሌ አንድ ዓይነት ናቸው። ከፍሬሾቹ መካከል ስንቱ የ3 ሲደመር 4 ስኩዌርን 3 ስኩዌር ሲደመር 4 ስኩዌር ብሎ እንደሚጽፍ ብታዩ! 7 ስኩዌር 49 ነው። 9 ሲደመር 16 ግን 25 ነው። በቁጥር ሲሆን ሁሉም ያየዋል። በኤክስና በዋይ ሲሆን ግን እጁ ራሱ ይሳሳታል። የ9 ሲደመር 16 ስኩዌር ሩት 5 ነው፤ 3 ሲደመር 4 ብሎ 7 የሚለው ብዙ ነው። ክፍልፋይ ላይ ደግሞ ከላይ «6 ሲደመር 2» ከታች 2 ሲሆን ሁለቱን 2 ሰርዞ 6 ይላል። መልሱ 4 ነው። ሎጋሪዝም ላይ የ10 ሎግ ሲደመር የ10 ሎግ 2 ነው፤ የ20 ሎግ ነው ብሎ የሚጽፍ አለ። የ20 ሎግ 1.3 ገደማ ነው።

እነዚህን በጊዜው ያላረመ ልጅ አፕላይድ ዋንን ቀድሞ ቢያነብ ምን ይጠቅመዋል? ስህተቱን ይዞ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነው። አፕላይድ ዋን ቬክተር፣ ማትሪክስ፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭና ኢንቴግራል ይዞ ይመጣል። አፕላይድ ቱ ላይ ሲሪስና የብዙ ቫሪያብል ፈንክሽን አለ። አፕላይድ ስሪ ላይ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን አለ። አንዱ በአንዱ ላይ የተሠራ ፎቅ ነው። ታችኛው ወለል ከተሰነጠቀ ላይኛው አይቆምም።

እኔ ራሴ በዚህ አልፌያለሁ። የተማርኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። የመጀመሪያው ካልኩለሴ ላይ ኤፍ አገኘሁ። ክፍሉ ከመቶ በላይ ሰው ነበረበት። መጀመሪያ ላይ ማን ምን እንደሚያውቅ የጠየቀ አልነበረም። ወረቀቴን ለማየት ስሄድ አንድ መምህር ጥግ ላይ ጽፎልኝ አገኘሁ፦ «ካልኩለሱ ልክ ነው። የተሳሳተው አልጀብራው ነው።» ያቺ ጽሑፍ ባትኖር ሒሳብ አልችልም ብዬ ትቼ ነበር። ክረምቱን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዤ ተቀመጥኩ። ኮርሱን ደግሜ ስወስደው ቢ ፕላስ አመጣሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሒሳብ ድግግሞሽ መሆኑ ጥፋት አይደለም። ቀዳዳውን ለመድፈን የተሰጠ ጊዜ ነው። ክሬዲት እየተቆጠረለት፣ መምህር ፊቱ ቆሞለት፣ ያላወቀውን የሚያውቅበት ጊዜ ሌላ የት ያገኛል?

«የማትሪክ ውጤታችሁ ደረጃችሁን ይነግራችኋል»

አይነግርም። ቢያንስ ብቻውን አይነግርም።

ማትሪክ ምርጫ ነው። ተማሪው ከአራቱ አንዱን ያጠቁራል። ከ100 ጥያቄ 40ውን በትክክል የሚያውቅ ልጅ እንውሰድ። ቀሪውን 60 በግምት ቢያጠቁር በአማካይ 15 ያገኛል። ውጤቱ 55 ይሆናል። ወረቀቱ ላይ አለፈ፤ የሚያውቀው ግን 40 ነው። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው በጽሑፍ ነው። እርምጃው ይታያል። ግምት ቦታ የለውም።

በተቃራኒውም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። እንዲህ ባለ ፈተና ላይ ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣን ልጅ «አንተ ለሒሳብ አልተፈጠርክም» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? መጽሐፉ ሳይጠናቀቅ የተፈተነ አለ። መምህር ሳይመደብለት ግማሽ ዓመት የሄደ አለ። ቁጥሩ ይህን ለይቶ አያሳይም።

ታዲያ ልጁ ደረጃውን በምን ይወቅ? ራሱን ይፈትን። እኔ ዘንድ ለሚመጣ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። አሥር ጥያቄ፣ አርባ ደቂቃ፣ ያለ ካልኩሌተር። እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት።

ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ስንት ነው? «3 ኤክስ ሲቀነስ 5» ከ«7 ሲቀነስ ኤክስ» ጋር እኩል ከሆነ ኤክስ ስንት ነው? «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 5 ኤክስ ሲደመር 6» ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው? «ኔጌቲቭ 2 ኤክስ ከ6 ያንሳል» የሚለውን ፍቱ፤ እዚህ ላይ ምልክቱ እንደሚገለበጥ የሚያስታውስ ስንት ሰው እንደሆነ እናንተው ቁጠሩ። በ(1፣ 2) እና በ(3፣ 8) የሚያልፈውን መስመር ኢኩዌሽን ጻፉ። አንድ ፈንክሽን «ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1» ከሆነ፣ በኤክስ ቦታ «ኤክስ ሲደመር 1» ስታስገቡ ምን ይሆናል? ቤዙ 2 ሆኖ የ32 ሎግ ስንት ነው? የ30 ዲግሪ ሳይን ስንት ነው? 800 ብር የነበረ ጫማ 20 በመቶ ቀነሰ፤ ከዚያ 20 በመቶ ጨመረ፤ አሁን ስንት ነው? (800 አይደለም። 768 ነው።)

አሥረኛው በቃላት የተጻፈ ጥያቄ ነው። እሱን በእንግሊዝኛ ነው የምሰጠው፤ ምክንያት አለኝ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ነው። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ ወይም አማርኛ የሚናገር ልጅ «አት ሊስት 5» የሚለውን ሲያነብ «ሊስት» የምትለዋን ቃል ይይዝና «ከ5 የሚያንስ» ብሎ ይጽፋል። ትርጉሙ ግን «ቢያንስ 5»፣ ማለትም 5 እና ከዚያ በላይ ነው። ሒሳቡን እያወቀ ቋንቋው ይጥለዋል። ይህንን ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ መፍትሔው ሌላ ስለሆነ። እንዲህ ላለው ልጅ ሠላሳ የማይሞሉ ቃላትን በደብተር ጽፎ መያዝ ብዙ ይረዳዋል።

ከአሥሩ ስምንትና ከዚያ በላይ የሠራ ልጅ ሳይፈራ ይቀጥል። ከአምስት እስከ ሰባት የሠራ የሳታቸውን ርዕሶች ብቻ ይዞ ሁለት ሳምንት ይቀመጥ። ከአምስት በታች የሆነ ከ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ይጀምር። ይህ ልኬት የእኔ ነው፤ ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ ካየሁት የወጣ። ከ9ኛ ክፍል መጀመር አያሳፍርም። መጽሐፉን የሚያየው ዶርሙ ያለው ጓደኛው ነው፤ ጓደኛውም ያው ቀዳዳ ሊኖርበት ይችላል።

«ካልኩለስ የጎበዝ፣ ስታትስቲክስ የሰነፍ ነው»

ይህን ጅማ ሆኖ መናገር ከባድ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ ጀምሮ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። ተማሪው በቡድን ሆኖ ቀበሌ ይወርዳል። ቤት ለቤት ይጠይቃል። ያመጣውን ቆጥሮ፣ ተንትኖ ያቀርባል። ይህ ሥራ ከላይ እስከ ታች ስታትስቲክስ ነው።

የጤና ተማሪዎች 384 የምትለዋን ቁጥር ያውቋታል። በየጥናታቸው ላይ ናት። ስንት ሰው ይጠየቅ ሲባል 384፣ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመር 422። ከየት መጣች ብላችሁ ጠይቁ። ብዙው ዝም ይላል። መልሱ ቀላል ነው። 1.96 ስኩዌር በ0.5፣ እንደገና በ0.5 ይባዛል። ለ0.05 ስኩዌር ይካፈላል። 384.16 ይወጣል። 1.96ቷ የ95 በመቶ እርግጠኝነት ናት። 0.05ቷ የምንፈቅደው ስህተት ናት። ሁለቱ 0.5 ደግሞ ስለ ጉዳዩ ምንም የማናውቅ ከሆነ የምንይዘው ግምት ነው፤ ትልቁን ቁጥር የሚሰጠን እሱ ስለሆነ። ይህንን የገባው ተማሪ የሚያጠናው ነገር ሲለወጥ ቁጥሩንም ይለውጣል። ያልገባው 384ን እየገለበጠ ይኖራል። ይህ የሰነፍ ትምህርት ነው?

መልኮ የሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያዎችን ያወዳድራል። አንዱ ዝርያ ከሌላው በለጠ ለማለት መሬቱ በደንብ መከፋፈል አለበት። የቱ ዝርያ የት ይተከል የሚለው በዕጣ መውጣት አለበት። አለዚያ የበለጠው ዝርያው ይሁን አፈሩ አይታወቅም። ግብርና የምታስቡ ልጆች፣ የእናንተ ዋናው ሒሳብ ይህ ነው።

ነርሲንግ የምታስቡም አላችሁ። 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በ8 ሰዓት እንዲያልቅ ታዝዟል። መስመሩ ለአንድ ሚሊ 20 ጠብታ የሚሰጥ ነው። በደቂቃ ስንት ጠብታ? 20 ሺህ ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል 42 ገደማ ነው። ካልኩለስ የለበትም። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደክሞሽ፣ ሳትሳሳቺ መሥራት አለብሽ። ትክክለኛው ሒሳብ ማለት ሥራሽ የሚጠይቅሽ ሒሳብ ነው።

ኮምፒውተር ሳይንስ የሚገቡ ደግሞ የሎጂኩን ምዕራፍ እንዳይንቁት እለምናለሁ። «እና»፣ «ወይም»፣ «ከሆነ» እያለ የሚሄደው የእውነት ሠንጠረዥ በኋላ በየፕሮግራሙ መስመር ይመጣል። ዲስክሪት ማቲማቲክስም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። ለሰፈር ስም ተብሎ ኢንጂነሪንግ መግባት አይገባም ብለዋል። በዚህ አብሬያቸው ነኝ። ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ካምፓስ ውስጥ የአባቱን ምኞት ተሸክሞ የሚቀመጥ ልጅ አውቃለሁ። ያ ልጅ ስታትስቲክስ ቢማር ደስተኛ ይሆን ነበር። ግን «ስታትስቲክስ የሰነፍ ነው» እየተባለ ያደገ ልጅ እንዴት አድርጎ ይመርጠዋል?

«ሲኒየር ጠይቁ፤ የቱ ግሬድ እንደሚሰጥ ያውቃል»

ሲኒየር ይጠየቅ። ስለ ላይብረሪው፣ ስለ ወርክሺቱ፣ ስለ ፈተናው አሠራር ይጠየቅ። ግሬድ የሚሰጠው ግን በዚያ ዓመት ያስተማረው መምህር ነው፤ መምህሩ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ላይኖር ይችላል። የድሮ ፈተና ብቻ ሸምድዶ የገባም ቁጥሩ ትንሽ ሲቀየር ይቆማል። ሲኒየሩን አንድ የተሻለ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ሦስተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ የትኛው ሒሳብ ጎድሎህ ተቸገርክ?» መልሱ ከግሬድ ወሬ ሁሉ ይበልጣል።

«በሬሚዲያል ያለፈ ተማሪ ባይመኝ ይሻለዋል»

አሁን ወደ ቀዩ መስመር ልመለስ።

ሬሚዲያል የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፤ የ2014ቱ ውጤት ከወጣ በኋላ። የማለፊያውን ውጤት ያላገኙ ልጆች ለወራት የሃይስኩሉን ትምህርት እንደገና ይማራሉ። ሒሳብም አለበት። ከዚያ ተፈትነው 50 ማምጣት አለባቸው። ይህ ምን ማለት ነው? ከላይ ስለ ቀዳዳ መድፈን ያልኩትን ሁሉ እነዚህ ልጆች አድርገዋል ማለት ነው። አንዴ ወድቀው፣ ሰው አይቷቸው፣ ተመልሰው ያንኑ መጽሐፍ ከፍተው አንብበዋል። በቀጥታ ያለፈው ልጅ ግን ከማትሪክ በኋላ ሒሳብ ሳይነካ ለወራት ቆይቶ ሊገባ ይችላል።

ሁሉም በሬሚዲያል ያለፈ ልጅ ኢንጂነሪንግ ይግባ አላልኩም። አፕላይድ ሦስቱም ይጠብቁታል። ዲፓርትመንት ለመመደብም የፍሬሽማን ውጤቱ ይታያል። ይህንን ሳይደብቁ መንገር ተገቢ ነው። ያልተገባው ሳያዩት መፍረድ ነው። የገባበት በር አይቶ ስለሚችለው መናገር ነው።

ልጅቷ አሥሩን ጥያቄ ሠርታልኛለች። ሰባት አገኘች። የሳተችው ሎጋሪዝሙን፣ ፈንክሽኑንና በቃላት የተጻፈውን ነው። በዚያው ሳምንት በቀጥታ ያለፈ አንድ የሰፈራችን ልጅም ሠርቶት ነበር፤ አምስት አገኘ። ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። ሁለቱም አሁን የሚያጠኑት የተለያየ ነገር ነው። እሱ የሳተውን አልጀብራ ከሥሩ እየጀመረ ነው። እሷ ሎጋሪዝሙን ትናንት ጨርሳለች፤ ዛሬ ፈንክሽን እንጀምራለን። በደብተሯ ጀርባ የእንግሊዝኛ ቃላቱን መጻፍ ጀምራለች፤ «አት ሊስት» የመጀመሪያዋ ናት።

ጥያቄዋን ግን ገና አልመለስኩላትም። ይህን ጽሑፍ ጨርሼ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ። ጸሐፊውንም በአክብሮት አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ጽሑፉን እንደገና የሚያወጡት ከሆነ ያቺን መስመር ያንሱልኝ።